አያ ዘውዱና የቀይዋ መኪና ማገር

አያ ዘውዱ ሞጣ ላይ ሲቀበሩ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ሕይወት ታሪክ ካላችሁት ነው። የተወለዱበትን ቀበሌ ጠራ፣ ልጆቻቸውን ዘረዘረ፣ «በሙያቸው ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል» አለና አለቀ። የምን ሙያ? የት? አገልግለው ምን ተደረገላቸው? አንባቢው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሲከት እኔ ከኋላ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ። አጠገቤ የነበረ አንድ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ ጮክ ብሎ «ይኼ ሁሉ ሰው የመጣው ለሰባት መስመር ነው እንዴ?» አለ። ሰው ዞሮ ገላመጠው። እኔ ግን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ስለዚህ እኔው ልጻፈው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ጥፋተኞች አንዱ እኔ ነኝ። በሌሎቹ ላይ በተናደድኩ ቁጥር መጨረሻ ላይ የማገኘው ራሴን ነው፤ ያ ደግሞ የባሰ ያናድዳል።

ቢቸና ውስጥ አንድ ትንሽ የሙያ ማሠልጠኛ ነበር። ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራ የለም። እኔ ይበልጣል እዚያ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ማለት ቁልፍ የበዛበት፣ ሥልጣን ግን የሌለው ሰው ማለት ነው። ወገቤ ላይ የማንጠለጥለው ቁልፍ እንደ በቅሎ ቃጭል ስለሚጮኽ ሚስቴ መምጣቴን ከሦስት ቤት ርቀት ታውቃለች። በትዳር ዘመኔ አንድም ቀን ድንገት ገብቼ አላውቅም። ሌላ የምኮራበት ነገር ቢኖር እጅ ጽሑፌ ነው። የሰርግ ጥሪ ፖስታ የሚያስጽፈኝ ሰው ብዙ ነበር።

አያ ዘውዱ የአውቶ መምህር ነበሩ። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ሰማያዊ ቱታቸውን እሁድም የማያወልቁ የሚመስሉ ሰው። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏቸዋል፣ እኛ ሠራተኞቹ «አያ ዘውዱ»። አንድ አመል ነበራቸው፤ መኪና ሲሳፈሩ ወዲያው አይገቡም። በሩ አጠገብ ቆመው ጣሪያውን የተሸከመውን ቋሚ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉታል።

አንድ ቀን አብረን ወደ ሞጣ ስንሄድ የሚኒባሱ ረዳት «አባቴ፣ ምን ያንኳኳሉ? በሩ ተከፍቷልኮ!» አላቸው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ።

«ይኼ ስቱኮ ነው» አሉ። «ብረቱ አልቋል፤ ላዩን ነው በስቱኮ የሞሉት። ድምፁን አልሰማህም?»

«ታዲያ አይገቡም?»

«እገባለሁ። ግን እወቀው።»

ገብተው ተቀመጡ። ረዳቱ ሞጣ እስክንደርስ ድረስ ያን ቋሚ በስርቆሽ ሲያየው ነበር።

ይህ አመል ከየት እንደመጣ የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወጣት ሳሉ የአንድ ጋራዥ ባትላሜራ ነበሩ፤ የመኪና አካል የሚቀጠቅጥና የሚያቃና ማለት ነው። አንድ ሰው ቋሚው የበሰበሰ ፒክአፕ ይዞ መጣ። ሰርግ አለብኝ፣ ቶሎ ይድረስልኝ አለ። እሳቸውም ቀዳዳውን ጋዜጣ ጠቀጠቁበት፣ በላዩ ስቱኮ ለጠፉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ፣ ቀለም ቀቡ።

«እንዴት እንዳማረ ብታየው፣ ይበልጣል! ባለቤቱ እጄን ይዞ ነው ያመሰገነኝ። በሁለተኛው ሳምንት ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ጣሪያው መቀመጫው ላይ ተኛ። ሁለት ሰው።»

«ከሰሱዎት?»

«ማን ይከሰኛል? ሹፌሩ ነው፣ መንገዱ ነው፣ ፍሬኑ ነው ተባለ። ቋሚውን ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። እኔው ሄጄ የሟቾቹን ቤት አንኳኳሁና እኔ ነኝ አልኳቸው።»

«ምን አሉዎት?»

«እናቲቱ ቁጭ በል አለችኝ። ከዚያ ውኃ ሰጠችኝ።»

እኔ በማንኛውም ነገር ላይ ቀልድ የማያጣ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ቁልፎቼን ሳቃጭል ቆየሁና ወጣሁ።

አሁን ወደ መኪናዋ። ሚሊኒየሙን ካከበርን ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖናል። በመንገድ ሥራው ካምፕ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ለማሠልጠኛው አንድ ነገር አበረከተ፤ በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና። መጫወቻ እንዳትሏት። ርዝመቷ ክንድ ያህላል፣ ጎማዎቿ እንደ ዳቦ የተነፉ፣ ሞተሯ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ ግን እውነተኛ ሞተር፤ ፒስተን አለው፣ ካርቡሬተር አለው፣ ጭስ ማውጫ አለው። ነዳጇ ቤንዚን አይደለም። ከአልኮልና ናይትሮ ከሚሉት ኬሚካል የተቀመመ፣ ሽታው ዓይን የሚያስለቅስ ነገር ነው፤ ሰውዬው አራት ጠርሙስ ትቶልን ሄደ። ገመዷን ስበው ሲያስነሷት የተቆጣ ንብ ድምፅ ታወጣለች። ስትሮጥ ደግሞ ውሻ አይደርስባትም፤ የዘበኛው ውሻ ሞክሮ አፍሯል።

ከላይ ቦዲ ተገጥሞላታል። ከውኃ ላስቲክ ትንሽ ወፈር የሚል ፕላስቲክ ነው፤ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ጎኑ ላይ የእሳት ነበልባል የተሳለበት፣ የፀጉር ሽቦ በሚመስሉ አራት ቅንጥቦች የሚያዝ። ቅንጥቦቹን ነቅለህ ታነሳዋለህ፣ እንደ ኮፍያ። ሥሩ ሻንሲ፣ ሞተር፣ ነዳጅ ጋን ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኔ የመጀመሪያ ጥፋት። ደንቡ የንብረት ቁጥር በጉልህ በሚታይ ቦታ ይለጠፍ ይላል። በጉልህ የሚታየው ምንድን ነው? ቀዩ ጣሪያ። በዚያ ሰው በሚያመሰግነው ጽሑፌ ቁጥሩን ጻፍኩና ጣሪያው ላይ ለጠፍኩት፣ በላዩ ፕላስተር አደረግሁበት። ሻንሲው ላይ ምንም የለም።

ሁለተኛው ጥፋቴ አንድ የምሳ ሰዓት ላይ ነው። አያ ዘውዱ ሜዳው ላይ ብቻቸውን ሲሞክሯት ደረስኩ። ከእኛና ከአንዲት ከምትግጥ አህያ በቀር ማንም የለም።

«አያ ዘውዱ፣ አንዴ ብቻ! በሞቴ!»

«ወደ አንተ ስትመጣ ግራና ቀኙ ይገላበጣል። ቀስ ብለህ» ብለው ሪሞቱን ሰጡኝ።

እስክትርቅ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ተመልሳ ወደ እኔ ስትመጣ ግን ግራዬ ቀኝ ሆነብኝ፣ ቀኜ ግራ። እጄ ደግሞ ነዳጁን እንደመልቀቅ ጭራሽ ጨመቀው። የባንዲራ መስቀያው ሲሚንቶ ላይ ወጣች፣ በረረች፣ ሦስት ጊዜ ተገለባብጣ በጀርባዋ ተኛች። አህያዋ ሸሸች። ቦዲው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ የሞተሩ አናት ከስንጥቁ ወጥቶ አፈር ውስጥ ተተክሎ አገኘነው።

«ሞተች?» አልኩ።

አያ ዘውዱ ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ጠረጉላት። «ሞተሯ ተርፏል። እንደገና በአናቷ ብትወድቅ ግን አይተርፍም። ይኼ ቦዲ የቆመው በምን ላይ ነው? በአራት ቅንጥብ። ለፎቶ ነው የተሠራው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ ደህና ነህ? ፊትህ ነጥቷል።»

ለአንድ ቀን አዘኑ፤ በማግሥቱ ሥራ ጀመሩ። ቦዲውን ትተው በሞተሯና በነዳጅ ጋኗ ዙሪያ የብረት ማገር ሊሠሩላት። ማገር የሚለው ስም የእሳቸው ነው፤ ቤት ስንሠራ ግድግዳውን የሚይዘው ማገር ማለታቸው ነው። የመጀመሪያውን በስድስት ቁጥር ቶንዲኖ ብረት ሠሩት። ከበደ። መኪናዋ መታጠፊያ ላይ በደረሰች ቁጥር ማገሩ ራሱ ገለበጣት።

«አየህ» አሉ እየሳቁ፣ «እኔም ከአንተ ብሼ ቁጭ። የሚያድናትን ነገር ጭኜ ገደልኳት።» እንዲህ ናቸው፤ የራሳቸውን ስህተት እንደ ሌላ ሰው ወሬ ነው የሚያወሩት።

ሁለተኛውን ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ በተነቀሉ ሽቦዎች፣ በነሐስ እየበየዱ ሠሩት። ቀላል ሆነ፣ ከሻንሲው ጋር በአራት ብሎን ታሠረ፤ አንድ ቀዳዳ እንኳ አዲስ አልበሱም። አሁን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ ቦዲ የለም፣ አቧራ በቀጥታ ካርቡሬተሩ ውስጥ ይገባል። ለማጣሪያ የሚሆን የሴት ስቶኪንግ አምጣ አሉኝ። ለሚስቴ «ለመኪና ነው» ብላት ታምነኛለች? አሮጌዋን ስቶኪንግ የሰጠችኝ አያ ዘውዱን ራሳቸውን ቤት ድረስ ወስጄ ካስመሰከርኩ በኋላ ነው።

ከዚያ አንድ ትምህርት አስተማሩ። ከግቢው ጀርባ የአፈር ክምር ነበር። የተሰነጠቀውን ቦዲ በፕላስተር ጠግነው ገጠሙላትና ሹፌሩ ሊቀመጥ በሚችልበት ቦታ ላይ እንቁላል በጨርቅ አሠሩ። ፆም ስለነበር እንቁላሉን የተመኘው የለም። መኪናዋን ከክምሩ ላይ አንከባለሏት። ቦዲው ተጨማደደ፣ እንቁላሉ ፈሰሰ። ቀጥለው ማገሩን ገጠሙ፣ ሌላ እንቁላል አሠሩ፣ አንከባለሉ። ተንከባልላ ቆመች። እንቁላሉ ደህና ነው። ደገሙት። ደህና ነው።

«ነገ ጋራዥ ትገባላችሁ» አሏቸው ልጆቹን። «ሰው መኪናውን ይዞላችሁ ይመጣል። አሳምርልኝ ይላችኋል እንጂ አትርፈኝ አይላችሁም። ስለማያውቅ ነው። እናንተ ግን አውቃችኋል። ካወቃችሁ በኋላ ስቱኮ የምትለጥፉ ከሆነ ከእኔ ዘንድ ተማርን አትበሉ።»

ሃያ ምናምን ወጣት እንቁላሉን ለማየት መኪናዋን ከብቦ ነበር። በዚህ መሐል ዲኑ መጡ።

ዲናችን ግቢ ውስጥ ያለውን ድንጋይ ሁሉ በኖራ ያስቀቡ ሰው ናቸው። ሐሙስ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ፣ ቀይዋ መኪና ለዕይታ ትቀርባለች ብለው ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው? የዶሮ ቆጥ?» አሉ ማገሩን እያዩ።

አንዲት ሠልጣኝ ከኋላ «ቆጥ ስለሆነ ይሆናላ እንቁላሉ ያልተሰበረው!» አለች። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ዲኑ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ያ ሳቅ ብዙ አስከፈለ።

«ቀይዋስ የታለች?»

«ይቺው ናት» አሉ አያ ዘውዱ።

«ይቺ አይደለችም!»

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተጠራ። ክሱ የመንግሥት ንብረትን ያለ ፈቃድ ቅርጹን በመለወጥና በማበላሸት ይላል። ሰብሳቢው ዲኑ፤ ጸሐፊው ማን ይሁን? እጅ ጽሑፉ የሚያምረው ይበልጣል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

«ይህ የምታዩት ነገር» አሉ ዲኑ ጠረጴዛው ላይ ባለማገሯን መኪና እያሳዩ፣ «የንብረት ቁጥር አለው?»

«የለውም» አሉ አያ ዘውዱ። «ቁጥሩ ቦዲው ላይ ነው።»

«ስለዚህ በመዝገባችን መሠረት የእኛ መኪና ያ የተሰበረው ነው። ይኼኛው ከየት እንደመጣ አይታወቅም።»

«እንዴት አይታወቅም? ሞተሩ ያው፣ ጎማው ያው፣ ሪሞቱ ያው። ያስነሷትና ይዩዋት እንጂ!»

«እዚህ ሞተር አይነሳም፤ ስብሰባ ነው።»

ሁለቱ አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። ትልልቅ ሰዎች፣ ልጅ ያላቸው ሰዎች፣ ፕላስቲኩ መኪና ነው፣ መኪናው ግን መኪና አይደለም ብለው ተስማሙ! እኔም ይህንን በጥቁር ቀለም፣ መስመር ጠብቄ ጻፍኩ።

ከዚያ ዲኑ ጠየቁ። «ቦዲውን ማን ሰበረው?»

አያ ዘውዱ ወደ እኔ አላዩም። አንድ ጊዜ እንኳ። በመስኮቱ በኩል ወደ ባንዲራ መስቀያው ያያሉ። ልቤ ከቁልፎቼ በላይ ይጮኻል።

«በእኔ ኃላፊነት ሥር ነበረች» አሉ በመጨረሻ።

«ሌላ የሚጨምሩት አለ?»

«እኔ የለኝም። የሚጨምር ካለ ይጨምር።»

ይህንንም ጻፍኩ። «የሚጨምር ካለ ይጨምር።» ከዚያ አራት ነጥብ። አልጨመርኩም። ልጆች ነበሩኝ፣ ቅጣት ፈራሁ፣ ዲኑን ፈራሁ፤ ምክንያት አላጣሁም። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም።

ተወሰነ። ማገሩ ይፈታ፣ ቦዲው በሙጫ ይጣበቅ፣ መኪናዋ በዲኑ ቢሮ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ትቀመጥ። አያ ዘውዱ ከወርክሾፕ ተነስተው ቤተ መጻሕፍት ይመደቡ። ብሎኖቹን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ በቢሮው ትእዛዝ። እንግዶቹ ሐሙስ መጡ፣ ዲኑ «በቴክኖሎጂ ረገድ እየሠራን ነው» አሉ፣ በሙጫ ከተጣበቀችው ጋር ፎቶ ተነሱ። የመኪናዋን ሞተር ያስነሳ ሰው አልነበረም። ያንን ማድረግ የሚያውቁት ሰው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠረጉ ነበር።

ሁለት ወር ታገሱ። አንድ ሰኞ ጠዋት መልቀቂያቸውን አስገብተው ወደ ሚስታቸው አገር ወደ ሞጣ ሄዱ። ሊሰናበቱኝ አልመጡም።

ሞጣ ላይ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይተው ብየዳ ከፈቱ። ባጃጅ ከተማውን የሞላበት ጊዜ ነው። የባጃጅ ጣሪያ ሸራ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከሸራው ሥር ሦስት የብረት ዘንግ ካልበየድኩ ሌላ ነገሯንም አልነካም ይላሉ። «አያ፣ መስተዋት እንዲያስሩልኝ ነው የመጣሁት!» ይላል ሾፌሩ። «መስተዋቱን አስራለሁ፤ መጀመሪያ ግን ዘንጉ።» እየተነጫነጩ ያሠራሉ። ሌላ ቦታ ሄደው የሚመለሱም ነበሩ። በቀብራቸው ዕለት መንገዱን የሞላው ባጃጅ ይኸው ነው።

እኔስ? በየዓመቱ መጨረሻ የንብረት ቆጠራ አለ። መዝገቤን ይዤ ዲኑ ቢሮ እገባለሁ። በመስታወቱ አያለሁ። ዙሪያዋን በፕላስቲክ አበባ አስጊጠዋታል፣ ጣሪያው ላይ ቁጥሬ ፏ ብሎ ይታያል። አለች። ምልክት አደርጋለሁ፣ እፈርማለሁ። ሰባት ዓመት እንዲህ አደረግሁ።

በሰባተኛው ዓመት ለዘመድ ልቅሶ ሞጣ ሄድኩ። እግሬ ወደዚያ ቆርቆሮ ቤት ወሰደኝ። ከአንድ ባጃጅ ሥር ወጡና አዩኝ፤ ጺማቸው ነጥቷል።

«ኧረ ይበልጣል! ወፍረሃል።»

«ቁልፍ ነው፣ አያ ዘውዱ።»

አልሳቁም። ከዚያ ሳላስበው ዘረገፍኩት። እኔ ነኝ የገለበጥኳት፣ እኔ ነኝ ዝም ያልኩት፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ምናምን። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«መገልበጥህ ምን አለበት» አሉ። «ማንም ይገለብጣል። ዝም ማለትህም ይገባኛል፤ ፈራህ። እኔን ያናደደኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ቃለ ጉባኤውን አሳምረህ መጻፍህ! ደርሶኝ ሳየው አንድ ስርዝ ድልዝ የለበትም። ሰው ወንድሙን እየቀበረ እጁ አይንቀጠቀጥም?»



«ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«ፋይሌ ላይ ንብረት አበላሽቷል የሚል አለ። ሌላ ነገር አልፈልግም። ያልተበላሸ መሆኑን፣ ማን እንደገለበጣት፣ ጻፍና አያይዝ።»

ቢቸና ተመልሼ ደብዳቤውን አረቀቅኩ። ሻንሲው ላይ አዲስ ቀዳዳ እንደሌለ፣ ሞተሩም ደህና እንደሆነ ለመጻፍ መኪናዋን ማየት ነበረብኝ። ዲኑ ቢሮ ገብቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። አበባውን ገለል አደረግሁ። ላነሳት ስል እጄ ባዶውን ወደ ላይ ወጣ፤ ክብደት የላትም። ቀዩ ቦዲ ሁለት ጡብ ላይ ነበር የተቀመጠው። ሞተር የለም። ሻንሲ የለም። ጎማ የለም። ማን መቼ እንደወሰደው እግዜር ይወቅ።

ቦዲውን ይዤ ዞርኩ። «ጌታዬ፣ መኪናዋ የለችም!»

ዲኑ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። አየኋቸው፤ አልደነገጡም። «ቁጥሩ አለ አይደል?»

«ቁጥሩማ አለ።»

«ታዲያ መልሰህ አስቀምጠው።»

«እኔኮ ስለ አቶ ዘውዱ ፋይል ደብዳቤ ላስገባ...»

«አስገባ። ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ላንተ ነው። ሰባት ዓመት አለች ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ።»

ቅዳሜ ሞጣ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፤ የሄድኩት አያ ዘውዱ «ተወው፣ ልጆች አሉህ» እንዲሉኝ ነው። ስለ ጡቡ ስነግራቸው ቢያንስ ይስቃሉ ብዬ ነበር። የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንዳደረጉ አፈጠጡብኝ።

«ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላነሳሃትም?»

«አላነሳኋትም።»

«በመስታወት እያየህ?»

«በመስታወት እያየሁ።»

«ያቺ ሞተር እኮ» አሉ፣ «ለልጆቹ ፈትተን ገጥመን፣ ፈትተን ገጥመን የምናሳያት አንዲት ነገር ነበረች። ሰባት ዓመት የገቡት ልጆች ምን አይተው ወጡ? የፕላስቲክ አበባ?» ከዚያ መዶሻቸውን አንስተው ባጃጁን መምታት ጀመሩ፤ ባጃጁ ምንም አላጠፋም። ተወው አላሉኝም።

ሰኞ ደብዳቤውን አስገባሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለጻፍኩት ሁለት ቦታ ተሰርዟል። የመዝገብ ቤቷ ልጅ «ያንተ ጽሑፍ ነው ይኼ?» ብላ ሁለቴ አየችኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ ቁልፎቹን ተቀበሉኝ፣ በር ላይ እንግዳ መዝጋቢ አደረጉኝ። ሚስቴ «አሁን መምጣትህን በምን ልወቅ?» አለች፣ እሷም አልሳቀችም። ከወር በኋላ ለአያ ዘውዱ የሚሰጥ መልስ በእኔ እጅ ወጣ። ደብዳቤው ከፋይላቸው ጋር ተያይዟል፤ ቀድሞ የተሰጠው ውሳኔ ግን እንደጸና ነው። ማኅተም፣ ፊርማ። እውነቱን ከውሸቱ ጋር በአንድ ስቴፕለር አሥረው አስቀመጡት ማለት ነው፤ ውሸቱ ከላይ፣ እውነቱ ከሥር!

ያንን ወረቀት ይዤ ሞጣ ስገባ እንዲህ ነድጄ አላውቅም። አያ ዘውዱ መነጽራቸውን አደረጉና ቆመው አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

«ጸንቷል ይላል» አሉ።

«ጸንቷል።»

«ሞተሩ የት ደረሰ ብለው ጠየቁህ?»

«አልጠየቁም።»

«ማን ወሰደውስ?»

«እሱንም አላነሱም። አያ ዘውዱ፣ እኔ እንግዲህ የምችለውን...»

በእግራቸው አንዲት የእንጨት ዱካ ወደ እኔ ገፉ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብሎንና ሽቦ በክንዳቸው ወደ ጥግ ጠረጉት።

«ታዲያ ምኑን ጨረስከው? ቁጭ በል። ወረቀት ይዘሃል?»